ቀጥሎ ያለው ፎቶ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ብላክፑል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የሌሊት ሰው ፎቶ እያነሣ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ አሉ። ከተማዋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። በ1879 ስምንት የኤሌክትሪክ መብራት ተክላ ሕዝቡን ካስደመመች ወዲህ ሌሊቱን ቀን ማድረግ ልማዷ ነው፤ በ1894 የተከፈተው፣ የፓሪሱን ኤፍል አይቶ የተሠራው ግንቧም ከሩቅ ይጣራል። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ለማግባት የተቃረቡ ሴቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ይጎርፋሉ። ሙሽሪት የቀልድ ዓይነ ርግብ ትደፋለች፤ ለማጅ ሹፌር መኪናው ላይ የሚለጥፈው «ኤል» የሚለው ምልክት ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ መጠጥ ነው።

ሰውየው ክንድ እስኪቀረው ይጠጋና ፍላሹን ፊታቸው ላይ ያበራባቸዋል። አይጠይቅም፤ የእንግሊዝ ሕግ መንገድ ላይ ያለን ሰው ለማንሣት ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። (በዚያው ባሕር ዳር ልጆች የሚጋልቧቸው አህዮች ዓርብ ዓርብ እንዲያርፉ ደንብ ወጥቶላቸዋል። ለሰካራም የወጣለት የለም።)

አንድ ሌሊት አንዲት ሙሽራ አገኘ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ኩሏ ከእንባዋ ጋር ጉንጯ ላይ ወርዶ፣ ቺፕሷ ጭኗ ላይ ተደፍቶ። አነሣት። ያ ፎቶ ስም አወጣለት፤ ሰው ፊቱ እየቆመ ይስቅ ጀመር። በሰው ውርደት ትነግዳለህ ሲሉት ፎቶ አንሺውን ማርቲን ፓርን ይጠራል፤ እሱም በኒው ብራይተን የባሕር ዳር መዝናኛ ያነሣቸውን ፎቶዎች በ1986 በመጽሐፍ ሲያወጣ በሠራተኛው መደብ ተሳለቀ ተብሎ ነበርና። የተወቀሰ ሁሉ ፓር ይመስለዋል።

ከዓመታት በኋላ ዐውደ ርእዩ ላይ አንዲት ሴት ፎቶው ፊት ቆማ ሳትስቅ ቀረች። ሰውየው ለይቷት ደነገጠ።

«ካስቀየመዎት አወርደዋለሁ» አላት።

«አይውረድ። ሰክሬያለሁ፣ አልቅሻለሁ፤ እውነት ነው። ቀጥሎ ያለው የት አለ?»

«የቱ?»

«የኔ ታኮ ተሰብሮ ነበር። ጓደኛዬ የራሷን ጫማ አውልቃ አጫማችኝ፤ በዚያ ብርድ በባዶ እግሯ ደግፋ ሆቴል አደረሰችኝ። ጫማውን ስታጠልቅልኝ ፍላሽዎ በርቶ ነበር።»

ማታ ፋይሉን ሲፈትሽ አገኘው። ጥርት ያለ ፎቶ ነው፤ የሚያስቅ ነገር ስላጣበት ብቻ የተወው። በማግስቱ አሳትሞት ሲመጣ ሴትዮዋም ተመልሳ ነበር። ግድግዳው ግን ሞልቷል።

«የቱን ላውርድ?» አላት።

ዞር ዞር ብላ አየች። መግቢያው ላይ ኮት የለበሰ፣ ካሜራ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል።

«ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ጠይቀው ነው ያነሡዎት?»

«እንዴታ! እንዲያውም ሁለቴ አልወደድኩትም ብዬ በሦስተኛው ነው የተስማማሁት።»

«እንግዲያው እሱ ይውረድ።»

የአዳራሹ ባለቤት አጉረመረመ፤ መግቢያው ያለ ባለሙያው ፎቶ ባዶ ይሆናል አለ። ሰውየው ግን መሰላሉን አምጥቶ አንድ እግሩን ካነሣ በኋላ ቆም አለ።

«ጓደኛዎ ፎቶዋ ቢሰቀል ቅር ይላት ይሆን?»

«እሱን ራሷን ይጠይቋት» ብላ ስልኩን ደውላ አቀበለችው።