የጠጋኙ ቃል

ከአባት ለልጅ የተላለፈ ጠመንጃ በአገራችን ከብረትነቱ ያለፈ ትርጉም አለው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግ እየተባሉ የሚጠሩት መሣሪያዎች በፉከራና በቀረርቶ ሲወደሱ ኖረዋል። ነገር ግን ዝና የብረትን ዕድሜ አያድስም።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በቤቴል ሠፈር የሚኖር አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ አለ እንበል። ለበዓል ወደ ትውልድ መንደሩ ሲሄድ አጎቱ ውጅግራቸውን ከግድግዳ አውርደው፣ «መዝጊያው ላልቷል፤ እስቲ እጅህ ይዳስሰውና ደኅና አድርገው» ይሉታል። ሰውየው ሞረድና ብየዳ ያውቃል፤ ልቡም ቅን ነው። ታዲያ ሠርቶ ሲያበቃ «አሁን ደኅና ነው» ብሎ ለማስረከብ የሞራል መብት አለውን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ለመመለስ አስቀድሞ ብረቱን ማወቅ ያሻል። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከወገን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ሲተኮስ መዝጊያውን ይዞ የሚያስቀረው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። ኋላ የመጣው ቤልጅግ ግን ከፊት ሁለት ጥርሶች፣ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ፣ ቀለህ ቢቀደድም ጋዙን የሚያስተነፍሱ ቀዳዳዎች አሉት። እነዚህን በቤት ውስጥ ሞረድ በውጅግራ ላይ መጨመር አይቻልም። ከዚህም በላይ በብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች የመዝጊያው ጥንካሬ ያለው በላይኛው ስስ ገጽ ነው። ሞረዱ ያን ገጽ ሲልጠው ለስላሳው ብረት ይቀራል፤ ለዐይን ያማረው ጥገና የተኳሹን ዐይን ለአደጋ ያጋልጣል።

ቤልጅግ በተሠራበት በሄርስታል አቅራቢያ፣ በሊዬዥ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 የተቋቋመ የመሣሪያ መፈተኛ ቤት አለ። በዚያ ጠመንጃው ከተለመደው በበረታ ጥይት ይተኮስና ፈተናውን ካለፈ ማኅተም ይመታበታል። የዚህ አሠራር ቁም ነገር ሠሪ ለገዛ ሥራው ብቸኛ ምስክር መሆን አይችልም የሚለው ነው።

«ይህ የባለእጅን ክብር መንካት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብረት ሠሪው ጣይብ፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው ማወጃቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ባለሙያን ማክበር ሥራውን ከፈተና ማዳን አይደለም። የሚናቅ ሰው ስለ ሥራው አይጠየቅም፤ የሚከበር ግን ይጠየቃል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል ለጦር ስልት ይበጅ ይሆናል፤ ሌላ ሰው በጉንጩ አስጠግቶ ለሚተኩሰው ብረት ግን አይበጅም።

የበለጠ የሚከብደው የአጎትየው ክርክር ነው። ከብታቸውን ከጅብ የሚጠብቁበት ሌላ መሣሪያ የላቸውም። የእኅታቸው ልጅ እንቢ ቢል ከእሱ ያነሰ ጠጋኝ ይፈልጋሉ። «ታዲያ እኔ ብነካው አይሻልምን?» ብሎ ማሰብ ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ያ ያነሰ ጠጋኝ ቢሠራው አጎትየው እየተጠራጠሩ ይተኩሳሉ፤ የዘመድ ቃል ሲጨመርበት ግን ጥርጣሬያቸውን ይጥላሉ። በጎ ፈቃድ አደጋውን ሳይቀንስ ጥንቃቄውን ብቻ ይቀንሳል ማለት ነው። ጥይቱ ቢከዳ ደግሞ የሚጎዳው ያዡ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የቆመው ልጅም ነው።

እንግዲህ ባለሙያው ምን ያድርግ? ዝገቱን ይጥረግ፤ ሰደፉን ይወልውል። ከዚያም «ጋሼ፣ ለመታሰቢያነት ይቀመጥ እንጂ ጥይት አያጉርሱት» ይበላቸው። መሣሪያ ስለ መያዝ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያስታውሳቸው። ጅቡን ለመከላከል በረቱን አብሮ ማጠር ደግሞ የእሱ ድርሻ ይሁን፤ እንቢታውን ከንቱ ቃል ከመሆን የሚያድነው ይህ ነውና።

አጎትየው ይቀየሙ ይሆናል። የዘመድ ቅያሜ በሽማግሌ ይታረቃል፤ የጠፋ ዐይን ግን በምን ይካሳል?