ቀለም የማን ነው?

የሀበሻ ቀሚስ ንጣቱ የት ነው ያለው? ጥጡ ላይ፣ ብርሃኑ ላይ ወይስ በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ? ኢተያ ላይ ሰርግ እየቀረጸና ኤዲት እያደረገ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣና ይጠይቅሃል።

ጥር ላይ የሠራሁትን ሰርግ አይተው የሙሽሪት እናት ሱቄ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ የቀሚሱ ጥለት እንዲህ እሳት አልነበረም፤ ነጩም ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል» አሉኝ። ቴሌቪዥናቸው ከሱቅ እንደወጣ «ቪቪድ» በሚባለው አሠራር ላይ ነበር። የሙሽራው ወንድም ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ በማክ ኮምፒውተሩ ከፍቶ «ፈዟል» አለኝ። በእኔ ሞኒተር ሦስተኛ መልክ አለው። ፋይሉ ግን አንድ ነው፤ አንዲት ቁጥር አልተለወጠችበትም።

ቁጥር ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ነገር የለም። በተለመደው የ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ተብሎ ይጻፋል። ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። ማጫወቻው የትኛው ቆጠራ እንደሆነ ከሳተ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ግራጫ ይሆናል፤ ወይም በተቃራኒው የነጠላው ሽመና በነጩ ውስጥ ይሰምጣል። ቁጥሩ ስንት ብርሃን እንደሚወጣውም የስምምነት ጉዳይ ነው። ሬክ 709 የሚባለው የቴሌቪዥን መለኪያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ቁጥሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው የማሳያው ጋማ 2.4 እንዲሆን በሌላ ሰነድ የተወሰነው በ2011 ነው። የአፕል ማጫወቻ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን የሬክ 709 ምልክት አንብቦ በ1.96 ገደማ ስለሚያሳየው ጥላው ይሳሳል። ወንድምየው ያየው መፍዘዝ ይኸው ነው።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1623 ባሳተመው መጽሐፉ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ የሚኖሩት በሚያየውና በሚቀምሰው ፍጡር ውስጥ ነው፤ ፍጡሩ ቢወገድ አብረው ይጠፋሉ ብሎ ተከራክሯል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም እንደየዓይኑ ነው፤ የተሳሳተ የለም» ማለት ይቀላል። ለእኔም ይመቸኛል፤ ደንበኛ ባማረረ ቁጥር «ጥፋቱ የቴሌቪዥንዎ ነው» ብዬ በሩን መዝጋት እችላለሁ። ግን አላምንበትም።

ከጋሊሊዮ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ኢማም አል-ገዛሊ የዓይንን ምስክርነት መርምሯል። ዓይን ጥላን የቆመ አድርጎ ያያል፤ ጥላው ግን ይንቀሳቀሳል። ኮከብን የሳንቲም ያህል ያያል፤ ስሌቱ ግን ከምድር ይበልጣል ይላል። ልብ በሉ፣ ዓይን መሳሳቱ የታወቀው ከዓይን በላይ ሌላ ዳኛ ስላለ ነው።

የእኔ ዳኛ ቬክተርስኮፕ ነው፤ የምስሉን ቀለሞች በክብ ሰሌዳ ላይ የሚበትን መሣሪያ። በደህና ብርሃን የተቀረጸ የሰው ፊት ጠይምም ይሁን ጥቁር፣ ቀይም ይሁን ፈረንጅ፣ ነጥቦቹ ወደ አንድ መስመር ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ምክንያቱም ከቆዳችን ሥር ያለው ደም አንድ ነው፤ ሜላኒኑም በመጠን እንጂ በዓይነት ብዙም አይለያይም። ኢተያ ሰርግ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና አማራ አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ስለ ቅላትና ጥቁረት ብዙ ያወራል፤ ሰሌዳው ላይ ግን መስመሩ አንድ ነው። ይህን ስክሪን አልፈጠረውም፤ የእኔም አስተያየት አይደለም።

ስለዚህ እውነቱ በየትኛውም ስክሪን ላይ ሙሉ ባይሆንም አለ። ያለውም በግንኙነቱ ውስጥ ነው፦ ቀሚሱ ከፊቷ በስንት ይነጣል፣ ጥለቱ ከታጨደው የስንዴ ማሳ በስንት ይቀላል። ግንኙነቱን የሚያቆመው መለኪያውን መናገር ነው። እህል ገበያ ላይ ቁናው ቢለያይም በየትኛው ቁና እንደተሰፈረ ከታወቀ ሻጭና ገዢ ይተማመናሉ። እኔም ኤክስፖርት ሳደርግ ፋይሉ ላይ 1-1-1 የሚለው ምልክት መጻፉን አረጋግጣለሁ፤ የቀለሙ ድንበር፣ ጋማውና ስሌቱ ሦስቱም በሬክ 709 ናቸው ማለት ነው።

እኚያ እናት «በቃ ቀዩን ቀንስልኝ» ብለውኝ ነበር። ሳልቀንስ ቤታቸው ሄጄ ቴሌቪዥኑን «ሲኒማ» ላይ አደረግሁላቸው። ለአንድ ቤት ብዬ ቀዩን ባጠፋው አዳማ ያለው አጎት፣ አሰላ ያለችው ሚዜ፣ ባሕር ማዶ ያለው ወንድም ሁሉ የሞተ ጥለት ያያሉ፤ የልጅ ልጅ በሌላ መሣሪያ ሲከፍተውም ለምን እንደደበዘዘ የሚነግረው አይኖርም። ለአንድ ሰው ዓይን ተብሎ የተጣመመ ነገር በሌላው ሁሉ ፊት ሐሰት ነው። በስብከትም፣ በዳኝነትም፣ በታሪክ ጽሑፍም ያው ነው።

ያለ ስክሪን የሚያይ ፈጣሪ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ እምነት ግን «እኛማ ምን እናውቃለን» ብሎ ለመቀመጥ አይሆንም። ሁሉን ማየት የማይችል ሰው ያየውን በምን ለክቶ እንዳየው የመናገር ግዴታ አለበት። የሚቀበለውም የራሱን መስኮት ሳይፈትሽ «ተበላሽቷል» እንዳይል ግዴታ አለበት። የእኔ አደራ እስከ ምልክቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተመልካቹ ነው።