ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ሥነ ልቡናን በማይነርነት የያዝን ተማሪዎች አንድ ያልመለስነው ጥያቄ አለብን። ጥያቄው የመጣው ከፈተና አዳራሽ ሳይሆን ከአገር ቤት ነው።

ለመሳላ በዓል ከምባታ፣ ዳምቦያ እንወርዳለን እንበል። ቆጮው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንዲት የጎረቤት እናት ጠጋ ይሉና፣ «ልጄ ሌሊት አይተኛም፤ ከሰውም አይገጥም። እናንተ የሰው ሐሳብ ተምራችኋል አሉ፤ ምን ሆኖብኝ ነው?» ይሉናል። የእኛ ዋና ትምህርት ታሪክ ነው፣ ሒሳብ ነው፤ ከሥነ ልቡና የያዝነው ጥቂት ኮርስ ነው። ታዲያ ምን እንበል?

እውነቱን እንነጋገር። አፋችን ላይ የሚመጣው ስም ማውጣት ነው። ስም ስናወጣ አዋቂ እንመስላለን። ነገር ግን እኛ በበዓሉ ማግስት አውቶቡስ ተሳፍረን እንሄዳለን፤ ስሙ ከልጁ ጋር ይቀራል። ሥራ ሲፈልግ፣ ሚስት ሲያጭ ቀድሞት ይደርሳል።

መለኪያችንስ ቢሆን? የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችንም ጥናት የተደረገበት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል፤ መልሱ አዎን ወይም አይደለም ነው። ቀኑን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የዋለች ሴት ራሷን ቢያማት ከሐዘን ነው ወይስ ከድካም? መጠይቁ ብቻውን ይህን አይለይም። የተሠራውም ተጨማሪ ምርመራ የሚያሻውን ሰው ለመጠቆም እንጂ በሽታውን ለመበየን አይደለም። ያውም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ከምባትኛ በቃል ሲገለበጥ የሚጠፋውን ትርጉም ሳንቆጥር ነው።

«እንግዲያው ዝም እንበላ!» የሚል ይኖራል። ይህም ስሕተት ነው። ሐኪም ሩቅ በሆነበት አገር «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ፊት ማዞር ትሕትና አይባልም፤ ሽሽት ነው። ትንሿ ትምህርታችን እኮ የምትበቃበት ቦታ አላት። ሳይቸኩሉ ማዳመጥን፣ ሕመም እርግማን አለመሆኑን፣ ስለ ሞት ያስብ እንደሆን ልጁን ሳይፈሩ መጠየቅን አስተምራናለች። ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ፣ ካልሆነም ዱራሜ ወይም ሆሳዕና ሆስፒታል ድረስ አብሮ መሄድ ነው።

ይህ የማይነር ተማሪ ብቻ ጣጣ አይምሰለን። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አጠቃላይ ሥነ ልቡና ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል፤ እናቲቱ ነገ ማናችንንም ሊጠይቁ ይችላሉ። ሳንማር አንጠምጥም። የተማርናትን ያህል ግን አንንፈጋቸው።