ወደ ኤፒናል ለምትሄጂው

ልጄ፣ በደራሲነትሽ ለኤፒናሉ ፌስቲቫል መጋበዝሽን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ ደስታሽን ላቀዘቅዝ ሳይሆን ከጉዞው ከፎቶ የበለጠ ነገር ይዘሽ እንድትመለሺ ብዬ ነው።

ኤፒናል በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሞዜል ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከ1796 ጀምሮ በባለቀለም የሥዕል ኅትመቷ ስሟ የታወቀ ነው። ኢማጂናል የተባለው የምናባዊ ልብ ወለድ ፌስቲቫል በ2002 እዚያ ተጀመረ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በግንቦት ነው። ተማሪውም ጡረተኛውም ልጅ ያዘለውም ይመጣል። ይህን በጣም እወድለታለሁ።

የወረቀቱን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። ለሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ቀጠሮ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ለግንቦት ጉዞ በጥር ጀምሪ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ብትከለከዪም አይመለስም። የጉዞ ዋስትናሽ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የምግቡን ወጪ ማን እንደሚችል አዘጋጆቹ በግብዣው ደብዳቤ ላይ በግልጽ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቆንስላው የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። ከተከለከልሽ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለሽ። ቪዛ ተከልክለው ወንበራቸው ባዶ የቀረ የአፍሪካ ደራሲዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በፈረንሳይ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ደራሲው አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ከመጻሕፍቱ ክምር ጀርባ ተቀምጦ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ይዞ ይቀርባል፣ ስሙን ይናገራል፣ ደራሲው እየፈረመለት ጥቂት ያወራሉ። አንቺ ግን በፈረንሳይኛ የታተመ መጽሐፍ ከሌለሽ ጠረጴዛሽ ፊት ብዙ ሰው አይቆምም። እንደ ንቀት አትቁጠሪው፤ ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ማን ይገዛል? ሰዓቱን እዚያ ተቀምጠሽ አትጨርሺው። ተነሺና ተርጓሚዎችንና አነስተኛ አሳታሚዎችን ፈልጊ። የታላላቆቹ ማተሚያ ቤቶች ሰዎች ቀጠሯቸው የሞላ ነው፤ አዲስ ድምፅ ለመስማት ጊዜ የሚኖራቸው ትንንሾቹ ናቸው።

ፈረንሳይ ውስጥ ተርጓሚ ክብር አለው። ከ1974 ጀምሮ ለምናባዊ ልብ ወለድ የሚሰጠው የኢማጂኔር ታላቅ ሽልማት ለትርጉም ሥራ የተለየ ዘርፍ አለው። ተርጓሚ የምትፈልጊበት ሌላው ቦታ ፓሪስ ነው፤ ወደ ኤፒናል የሚወስድሽ ባቡር የሚነሳውም ከፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ ነው፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከመሳፈርሽ በፊት ፓሪስ አንድ ቀን እደሪ። እዚያ ኢናልኮ በተባለው የቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ይሰጣል። አስቀድመሽ ጻፊላቸውና ሂጂ። ነገ መጽሐፍሽን ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልሰው ሰው ዛሬ እዚያ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

መድረክ ላይ በአስተርጓሚ ስትናገሪ ዐረፍተ ነገርሽን አሳጥሪ፣ ቆም እያልሽ ተናገሪ። ስለ ጦርነትና ስለ ረሃብ መጠየቅሽ አይቀርም። የምታውቂውን በአጭሩ መልሺና ወደ መጽሐፍሽ ተመለሺ። አጠገብሽ የተቀመጠው ደራሲ ስለ ዘንዶው ተጠይቆ አንቺ ስለ ድርቅ ብቻ ከተጠየቅሽ፣ የፈጠርሽው ዓለም ሳይታይ ውይይቱ ያልቃል። ምናባዊ ተረክንም ከአውሮፓውያን የተዋስን አይምሰልሽ። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ዜና እስክንድር የመቄዶንያውን ንጉሥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው አድርጎ የሕይወትን ውሃ ፍለጋ ይወስደዋል። አባቶቻችን የሌላውን ታሪክ ተቀብለው ያለ ፍርሃት የራሳቸው አድርገውታል። አንቺም ጭራቅሽን የእነሱን ዘንዶ ለማስመሰል አትድከሚ፤ ከአያትሽ እንደ ሰማሽው አቅርቢው።

የማሳስብሽ አንድ ነገር ቀርቷል። ከመጽሐፍሽ ሃያ ገጽ ያህል፣ ቢቻል በፈረንሳይኛ፣ ካልሆነ በእንግሊዝኛ አስተርጉመሽ ያዢ። የሚያገኝሽ አሳታሚ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ገንዘብ ካጠረሽ አዲሱ ቀሚስ ይቅርና ለተርጓሚው ክፈዪ።