ዘፍጥረት 47 በእህል በረንዳ

በሰንበት ትምህርት ቤት የዮሴፍን ታሪክ ስንማር ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረኃብ ዓመት፣ ጎተራውን ቀድሞ የሞላውን ብልህ ሰው፣ የወንድሞቹን እርቅ፣ የያዕቆብን እንባ እንሰማለን። ዘፍጥረት 47 ከቁጥር 13 በኋላ ያለውን ግን ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ላይ ዮሴፍ እህሉን ይሸጣል። መጀመሪያ በግብፅ ያለውን ብር ጠቅልሎ አስገባ። ብሩ ሲያልቅ ሕዝቡ ፈረሱን፣ በጉን፣ ላሙንና አህያውን ነዳ። በዓመቱ የሚነዳ ሲጠፋ መሬቱንና ራሱን ሸጠ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ከምርቱ ከአምስት አንዱን እጅ የሚገብር የፈርዖን ጭሰኛ ነው። ቀለባቸው ከቤተ መንግሥት ይሰፈርላቸው ስለነበር መሬታቸው ያልተነካባቸው ካህናቱ ብቻ ናቸው። ክፍሉ የማይሰበከው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ማንንም አላማም፤ ሳላስበው ግን አልቀረሁም።

እኔ ነገሩን የማየው በእንጀራዬ በኩል ነው። መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ የአንድ ጤፍ ነጋዴ ሒሳብ ይዤ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። መዝገቡ በየዓመቱ የሚናገረው ያንኑ ነበር። ገበሬው በጥርና በየካቲት ይሸጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ልጅ የሚዳረውም ያኔ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቤቱ እህል ሲያልቅበት ያው ገበሬ ሸማች ሆኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዋጋው አይቀመስም። የመሐሉን ትርፍ የሚያፍሰው መጋዘንና ጥሬ ብር ያለው ነው። ጤፍ ደግሞ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ቢከርምም ያው ጤፍ ነው። አሠሪዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሚዛን አያጭበረብሩም፣ ለበዓል ተሸካሚዎቻቸውን ባዶ እጃቸውን አይሸኙም። የበለጸጉት መቆየት ስለቻሉ ነው።

ሀብት የትጋት፣ ድህነት የስንፍና ውጤት ነው የሚሉ ሰባኪዎች አሉን፤ ምሁራንም አይጠፉም። ኢኮኖሚው ረጋ ብሎ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ክርክራቸውን ቁጭ ብዬ በሰማሁ። አንዴ ሲፈነጥዝ አንዴ ሲዘቅጥ ግን የሚሸለመው መጠበቅ የቻለ ሰው ነው። ባለው ገንዘብ በርካሽ ይገዛል፣ በውድ ይሸጣል። የሌለው በርካሽ ሸጦ በውድ ይገዛል፤ ትጋቱ ከሁለቱም አያድነውም። አሥር ዓመቱ በአማካይ ሲሰላ አገር አድጋለች ይባላል፤ በዚያው አሥር ዓመት በሬው ባለቤት ቀይሯል።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተረፈ። ዋጋው ክፉኛ ወድቆ የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪ እንኳ አልሸፍንለት ያለው ገበሬ ሰብሉን ማሳው ላይ ተወው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ በመቅረቱ 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠበቀ። ጥጋብና ረኃብ ሰባት ሰባት ዓመት አላስፈለጋቸውም። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሐሳብ ሲያቀርቡ ይህንኑ ያነሱ ነበር። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ስሙ የገነነው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው። የበቆሎው ገበሬ አሁንም ጥር ላይ ይሸጣል።

ከተማ ውስጥ ጎተራው መልኩን ይቀይራል። መንግሥት ባለ ሁለት አሃዝ ዕድገት በሚያውጅበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ቤት ያለው፣ ዕቃ ያከማቸ፣ ልጁ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የምትልክለት ሰው ተቋቋመው፤ ከእነሱም የከበረ አለ። የመምህሩ ደመወዝ ግን ወር መድረስ አቃተው።

ይህን ሕመም ቀደምት ሕግጋት በደንብ ያወቁት ይመስለኛል። ከግብፅ ለወጡት የተሰጠው ዘሌዋውያን 25 በየኢዮቤልዩው፣ ማለትም በየ50 ዓመቱ፣ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል፤ ዋጋውም እስከዚያ በቀሩት አዝመራዎች ልክ ይሰላል። በቅጥር ከተማ ያለ ቤት ግን በዓመቱ ካልተዋጀ ለገዢው ይጸናል። አዲስ አበባ ለሚኖር ተከራይ ይህች አንቀጽ አታጽናናም። እህል በረንዳ ጎረቤታችን የነበሩ ሐጂ እንደነገሩኝ ደግሞ በዝናብ ከበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ ነው፤ ተለፍቶ በመስኖ ከለማ ከሃያ አንድ። ዋጋ እንዲንር ብሎ እህል መደበቅም ሐራም ነው።

ዮሴፍን ልኮንን አልተነሳሁም። ሕዝቡ ራሱ ነፍሳችንን አዳንህ ብሎ አመስግኖታል፣ ምስጋናውም እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ መሬትና ጉልበት በአንድ እጅ ከገባ በኋላ ዮሴፍን የማያውቅ ንጉሥ ተነሣ። ጡብ ሲሠሩ የኖሩት የዮሴፍ የገዛ ዘመዶች ናቸው። መልካም ሰው በጎተራው ላይ መሾሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ከዮሴፍ ይልቅ ነህምያን እመርጣለሁ። በምዕራፍ 5 ላይ እርሻቸውን በእህል ያስያዙ ድሆች ሲጮኹ ባለጠጎቹን መጽውቱ ብሎ አላለፈም፤ እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱንና የተቀበሉትን ወለድ ዛሬውኑ መልሱ አላቸው። እኛ የዚያን ያህል ሥልጣን የለንም። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ያላቸው አጥቢያዎች ግን አሉ። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ጥር ላይ ያለ ወለድ ለገበሬ ቢያበድሩና ነሐሴ ላይ ቢቀበሉ፣ ገበሬው እህሉን እስኪወደድ ያቆያል። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ላይ ይህን አጀንዳ አስይዙልኝ።