የወደዱት ዳገት

ሰው ማንም ሳያስገድደው ራሱን ሲያደክም ምን እንበለው? ጀግና? ሞኝ? ወይስ ጥጋበኛ? ጥያቄው ከሻይ ቤት ወሬ የማያልፍ ይመስላል። ግን በመካከላችን ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ሁለት ሌሊት ስላስመሸን፣ የደረስንበትን ያህል ለአንባቢ ለማካፈል ወደድን።

የክርክሩ መነሻ ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 «ቱር ደ አፍሪክ» የሚባል የቡድን ጉዞ ተጀመረ። ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕ ታውን ይገባል፤ ርቀቱ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጊዜውም አራት ወር ያህል ነው። ኢትዮጵያን ባቋረጠባቸው ዓመታት በመተማ ገብቶ፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በሞያሌ በኩል ይሰናበተን ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የዛምቢያ ረጃጅም መንገዶች፣ ዝሆን የሚያቋርጠው የቦትስዋና ሜዳ፣ የናሚቢያ ጠጠር። ጓዙንና ቀለቡን የጭነት መኪና ይዞ ይከተላል። የታመመ ወይም የዛለ መኪናው ላይ መውጣት ይችላል። አንድም ቀን ሳይሳፈር እያንዳንዷን ስንዝር በገዛ እግሩ የጨረሰ ግን ልዩ ማዕረግ አለው፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ኢ.ኤፍ.አይ.» ይሉታል። ለእነዚህ ሦስት ፊደላት ሲል ሆዱን እያመመውም ዳገት የሚገፋ አለ።

ከእኛ ውስጥ ግማሾቹ «ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ፈለጉ። አንዱማ «ብስክሌትም ቢሆን የፈረንጅ ዕቃ ነው» እስከ ማለት ደረሰ። ኧረ ተው! እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ለአገራቸው በብስክሌት ሲወዳደሩ የእኛ ወላጆች ገና አልተወለዱም። ይህን እንለፈው።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በብስክሌት በቡድን የሚሄዱ ሰዎች የሚያደርጉትን ልብ ብሎ ያየ፣ ወንፈልን ያስታውሳል። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ከድካሙ ሲሶ ያህል ይቀርለታል። የፊተኛው ሲዝል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላው ተራውን ይወጣል። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን፤ አጨዳ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ስለዚህ «ጨዋታ ነው» ብቻ ብሎ መሄድ አይበቃም። ሰው በገዛ ፈቃዱ በገባበት ድካም ውስጥም መተጋገዝን ይማራል።

ታዲያ የከነከነን ምንድን ነው? የጾምና የረሃብ ልዩነት ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰውና በሮመዳን ጀንበር እስክትጠልቅ የታገሠ ሰው ሆዳቸው ባዶ ነው። እህል ያጣ ሰውም ሆዱ ባዶ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ሐኪም አይለያቸውም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን «ጾመኛ» ብለን እናከብራለን፤ ሦስተኛውን «ችግረኛ» ብለን እናዝንለታለን። ለጾመኛው ክብር የሰጠው የሆዱ ባዶነት አይደለም፤ መሶቡ ውስጥ እንጀራ መኖሩ ነው። የብስክሌተኛውም ማዕረግ እንዲሁ ከኋላ በሚከተለው መኪና ላይ የቆመ ነው። መኪናው ባይኖር ኖሮ ያልተሳፈረውን ማን ያመሰግነው ነበር? አባቶች ግን ጾምን እንዲያው አልተዉትም፤ ከጾሙ የተረፈው ለተራበው ይድረስ ብለዋል። የወደዱት ችግር ላልወደዱት ችግር ዕዳ አለበት ማለት ነው።

ብስክሌተኞቹ ስለ አገራችን ሲያወሩ ድንጋይ የሚወረውሩትንና «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚሮጡትን ልጆች ሳያነሡ አያልፉም። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ ማባበል አያሻም። ነገር ግን የልጁን ግራ መጋባት እንረዳዋለን። በገጠራችን መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ገበያ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ጠበል ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። «ወዴት ነው?» ሲባል መልስ ያለው ሰው ነው መንገደኛ። «እንዲያው ልሄድ ነው» የሚል ሰው ከየት መጣ?

እኛም ብንሆን ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም። ብስክሌት በማይደፍረው በሰሜን ተራራ፣ ባለፈው በጋ ወደ ጊች ወጥተን ነበር። ከደባርቅ እስከ ሳንቃበር በመኪና፣ ከዚያ በእግር፤ ጅንባር ወንዝን ተሻግሮ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጓዛችን በበቅሎ ተጭኗል። በቅሎ ነጂው አባት ከኋላ በዱላቸው እየተመረኮዙ ይከተሉናል። ለዕረፍት ስንቀመጥ፣ ስለ እነዚያ ባለ ብስክሌቶችና ስለ መኪናቸው አጫወትናቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፣

«ልጆቼ፣ መኪናው ባዶውን ነው የሚከተላቸው?» አሉን።

«ጓዝ ጭኗል አባባ፤ ቦታ ግን አለው።»

«ቦታ እያለው!» አሉና ሳቁ። ጥቂት ቆይተውም «እኔ ድሮ ይህን ዳገት የምወጣው ቤቴ ልገባ ነበር። አሁን እናንተን ልከተል እወጣዋለሁ» አሉ።

የጊች ሰው ነበሩና። እዚያ፣ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጅባራና ጓሳ በሚበቅልበት ብርድ ገብስ እየዘራ የሚኖር መንደር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2016፣ 418 አባወራ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ወረደ። ነገሩን በአንድ ዓይን ማየት አንወድም። የሰሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ግጦሹ ተራቁቷል፣ ተዳፋቱ እየታረሰ አፈሩ ይታጠባል፣ ዋልያ መድረሻ አጥቷል። በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ የጊች መነሣት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ዋልያ ከዚህ ሌላ አገር የለውም፤ ይህን አንክድም። ለተነሡትም ካሳ ተከፍሏል።

በየሰነዱ ላይ ግን ዝውውሩ «በፈቃደኝነት» የተደረገ ተብሎ ተጽፏል። እኛን የያዘን ይህች ቃል ናት። ፈቃድ የሚታወቀው በምንድን ነው? በመኪናው ከሆነ፣ ማለትም ሌላ ምርጫ እያለ ይህንን በመምረጥ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት «ተስማምተዋል ወይ?» ብቻ አይመስለንም። «እምቢ ቢሉስ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?» የሚለውም ነው። እምቢ ብሎ በሰላም መኖር የሚቻልበት ስምምነት ፈቃድ ነው። እምቢታው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በሌለበት ተራራ ላይ ብቻ መቅረት ከሆነስ? ለሱ ሌላ ስም መፈለግ ሊኖርብን ነው። በሌላ በኩል፣ ልጁን ደባርቅ ትምህርት ቤት ማስገባት ስለፈለገ ደስ ብሎት የወረደ አባት ቢኖር፣ እሱንም «ተገዷል» ብለን ፈቃዱን ልንቀማው አይገባም። ከተማ ተቀምጦ የገበሬን ፈቃድ መተርጎም የተማረ ሰው አመል ነውና እንጠንቀቅ።

ስለዚህ አንዳችን ደፍሮ እሳቸውኑ ጠየቀ፤ «ለመሆኑ አባባ፣ እርስዎ ወደው ነው የወረዱት?»

«ፈርሜያለሁ» አሉ።

ከዚህ ሌላ አልጨመሩም። ተነሥተው የበቅሎዋን መጫኛ አጠበቁ፣ እኛም ተነሣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግማሾቻችን «አዎ ማለታቸው ነው» ስንል፣ ግማሾቻችን «አይደለም ማለታቸው ነው» እያልን ሳንቃበር ደረስን።