ማስታወስ የተሳነው ሰውና የሚማረው መኪና

በትምህርተ ክርስቶስ ጉባኤ ላይ ወጣቶች ዛሬ የሚያቀርቡት ጥያቄ እኛ በእነርሱ ዕድሜ ከምናቀርበው የተለየ ነው። «ኮምፒዩተር የሰውን አንጎል አስመስለው ከሠሩትና እንደ ሰው ከተማረ፣ ነፍስ የምትባለው ሥራዋ ምንድን ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ስለሆነ፣ «ይህ የሳይንስ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ለመምህር አይገባም። መልስ ከመስጠት በፊት ግን አንጎልን የሚመረምሩትና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚሠሩት ሊቃውንት አንዱ ከሌላው ምን እንደተበደረ ማወቅ ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ብድሩ የቆየ ነው። በ1943 ዋረን ማክካሎክና ዋልተር ፒትስ የነርቭ ሕዋስ ሥራ በሥነ አመክንዮ ቀመር ሊገለጽ እንደሚችል ጻፉ። በ1949 ዶናልድ ሄብ፣ መማር ማለት አብረው በሚሠሩ ሕዋሳት መካከል ያለው ግንኙነት መጠንከር ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪዝል የድመትን አንጎል መርምረው፣ ዓይን ያየውን ነገር አንጎል ከቀላል መስመር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንደሚያጠናቅረው ባሳዩ ጊዜ፣ ጃፓናዊው ኩኒሂኮ ፉኩሺማ ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ በ1980 ቅርጽ የሚለይ መኪና ነደፈ። ይህን ታሪክ በሰፊው መተረክ ይቻላል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን የማስታወስ ነገር ነው።

ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ በጽኑ የሚጥል በሽታ ይሠቃይ ነበር። በ1953፣ በ27 ዓመት ዕድሜው፣ ሐኪም ቀዶ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል አብዛኛውን በዙሪያው ካለው ጋር አወጣለት። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የገጠመውን አዲስ ነገር ይዞ ማቆየት አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ስትመላለስ እርሱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላት ነበር። የልጅነቱን ያስታውሳል፤ ቋንቋውና ጨዋነቱም አልተለዩትም። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው፤ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ጠርዝ በእርሳስ እንዲከተል ባደረጉት ጊዜ፣ ከቀን ወደ ቀን እጁ እየሠለጠነ ሄደ፤ እርሱ ግን ይህን ሥራ ከዚያ በፊት መሥራቱን ፈጽሞ አያስታውስም። በዚህም ማስታወስ አንድ ኃይል ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ።

ለሕሙማን በየቤታቸው ቅዱስ ቁርባን በሚደርስበት ጊዜ አብረው የሚሄዱ ምእመናን ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር አይተዋል። የልጆቿን ስም የረሳች አረጋዊት እናት «አባታችን ሆይ» ሲጀመር ከንፈሯ ይከተላል። ከሰባ ዓመት በፊት ደጋግማ በቃሏ ያጠናችው ነውና። በቃል ማጥናትን ኋላ ቀር ዘዴ ነው ብለው የሚንቁ አዳዲስ መምህራን አንድ ቀን አብረው ቢሄዱ መልካም ነበር።

ወደ መኪናው እንመለስ። በ1989 ሁለት ተመራማሪዎች በነርቭ ሕዋሳት አምሳያ የተሠራ ፕሮግራም በአንድ መደመርን አስተማሩት፤ ተማረ። ቀጥለው በሁለት መደመርን ሲያስተምሩት የመጀመሪያውን ረሳ። አዲሱ ትምህርት አሮጌውን ደመሰሰው። እንግዲህ የሰው ልጅ እንዲህ የማይሆነው ስለምንድን ነው? በ1994 ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ በመንገድ ላይ ሳለች አብረው የሠሩት ሕዋሳት ስትተኛም አብረው እንደሚሠሩ ደረሱበት፤ ያለፈውን ጉዞ በእንቅልፏ እንደምትደግም ያህል ነው። በ1995 ጄምስ ማክሌላንድና ባልደረቦቹ ሁለቱን አገናኙ፦ ሂፖካምፐስ አዲሱን ነገር ፈጥኖ ይይዛል፤ ከዚያም ለቀሪው የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ፣ ከአሮጌው ጋር እያቀላቀለ ያስተላልፋል። በ2015 በኮምፒዩተር ጨዋታ የሰለጠነው ዝነኛ ፕሮግራም ያለፈውን ልምዱን አከማችቶ እየደጋገመ ይማር የነበረው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። የመኪናው ጉድለት የአንጎልን ጥበብ አስተዋለ፤ የአንጎል ጥበብም መኪናውን ረዳ። በተቃራኒውም ሆኗል፤ ለመኪና ትምህርት የተዘጋጀ የሒሳብ ቀመር፣ በዝንጀሮ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት ያልጠበቁት ዋጋ ሲመጣ ለምን እንደሚነቁ በ1997 አስረዳ።

ታዲያ ይህ እምነታችንን ያናውጣልን? ብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖ የዴንማርክ ተወላጅ የሰውነት ክፍሎች ሊቅ ነበር። በ1665 በፓሪስ ባደረገው ንግግር፣ አንጎልን ለማወቅ የሚሻ እንደ ማናቸውም መኪና ክፍል በክፍል ፈትቶ መመርመር እንዳለበት አስተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካቶሊካዊ ሆነ፤ በ1677 ጵጵስና ተሾመ፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ብፅዕናውን አወጁ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ የስሜት ሕዋሳት ያመጡትን ይዞ የሚያቆየው ኃይል ሥጋዊ መሣሪያ እንዳለው፣ መሣሪያው ሲጎዳም ማስተዋል እንደሚታገድ ጽፏል። ነፍስ በሥጋ ውስጥ እንደ መርከብ ነጂ የተቀመጠች ሳትሆን የሥጋ ሕይወትና ቅርጽ ስለሆነች፣ የአንጎል ጉዳት ሰውን መጉዳቱ ለካቶሊካዊ ትምህርት አዲስ ወሬ አይደለም።

ፈተናው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎች መኪናን ሰው ብለን እንዳንጠራ ይሰጋሉ፤ እኔ ይበልጥ የምሰጋው ሰውን በመኪና ሚዛን እንዳንመዝን ነው። መሥራት ያቆመ መኪና ይጣላል፤ በዚህም የሚበደል የለም። ሰው መሆን ማለት መያዝ፣ ማስላትና ቶሎ መመለስ ከሆነ፣ ሞሌይሰን በ1953 በቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ሰውነቱን አጣ ማለት ነው። ቅድስት መንበር በ2025 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወጣችው «አንቲኳ ኤት ኖቫ» በተባለው ሰነድ፣ የሰው ክብር በችሎታውና በውጤቱ ሳይሆን በእግዚአብሔር አምሳል በመፈጠሩ ላይ እንደቆመ ያስተማረችው ለዚህ ነው።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሌላ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት እውቀት ከፊሉ የተገኘው ከአንድ ቁስለኛ ሰው ነው። ሞሌይሰን ከ50 ዓመት በላይ ተመርምሯል፤ ትናንት እሺ ያለውን ግን ዛሬ አያስታውስም። በ2008 እስኪሞት ድረስ ዓለም የሚያውቀው በስሙ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር። ስሙን መሰወራቸው መልካም አድርገዋል፤ ሆኖም የማያስታውስ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ጥያቄው ይቀራል። በ2023 ደግሞ፣ መናገር ያቃታቸው ሁለት ሕሙማን በአንጎላቸው ላይ በተተከለ መሣሪያና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትነት፣ ያሰቡት ቃል አንደኛው በደቂቃ 62፣ ሌላው 78 ያህል እየሆነ ወጣላቸው። ይህ ያለ ጥርጥር የምሕረት ሥራ ነው። ነገር ግን ለዲዳ አንደበት የሚከፍተው መሣሪያ የዝምተኛውንም ልብ ለመክፈት የሚሞክር ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ቺሊ በ2021 የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚጠብቅ አንቀጽ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ የጨመረችው ያለ ምክንያት አይደለም። በምስጢረ ንስሐ እንኳ ካህኑ የሚሰማው ተነሳሒው ፈቅዶ የተናገረውን ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በዚያ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ ሰብራ አትገባም።

ለወጣቶቹ ይህን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ረክተዋል፣ ግማሾቹ ገና ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ለሕሙማን ቅዱስ ቁርባን ሲወሰድ ካልረኩት ሁለቱን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ። ከአረጋዊቷ አልጋ አጠገብ ይቀመጡ፤ ስማቸውን አሥር ጊዜ ብትጠይቃቸው አሥር ጊዜ ይንገሯት።